ሐረር ሆኖ የሳቢያንን ኮምፒውተር መክፈት

አንዲት የሂሳብ ባለሙያ እንዲህ ስትል ጠየቀችኝ፦ «ቤቴ ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው። ሥራዬ ግን ሐረር። የደንበኞቼን ሂሳብ የምይዝበት ፒችትሪ የተባለው ፕሮግራም ያለው ቤት ባለው ኮምፒውተር ላይ ነው። ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያስከፍተውን ሪሞት ዴስክቶፕ አብርቼ፣ ራውተሩ ላይ እሱ የሚገባበትን በር፣ ፖርት 3389ን፣ ከፈትኩ። ቤት ውስጥ ከላፕቶፔ ይሠራል። ሐረር ስደርስ እምቢ ይላል። ምን አጠፋሁ?»

እህቴ፣ ምንም አላጠፋሽም። ቤት ስትገቢ የራውተሩን ገጽ ክፈቺና «ዋን አይፒ» (WAN IP) የሚለውን፣ ራውተሩ በውጭ በኩል ያለውን አድራሻ፣ ጻፊው። ከዚያ አይፒሽን ከሚያሳይ ድረ ገጽ ጋር አስተያዪው። ሁለቱ ከተለያዩ፣ በተለይ የራውተሩ ከ100.64 እስከ 100.127 ባለው ከጀመረ፣ ሲጂናት (CGNAT) ውስጥ ነሽ፤ ማለትም አንዱን የውጭ አድራሻ ከሌሎች ደንበኞች ጋር ትጋሪያለሽ። የድሮዎቹ የአይፒ አድራሻዎች በጠቅላላው 4.3 ቢሊዮን ገደማ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ኢንተርኔት አቅራቢዎች ብዙ ደንበኛ በአንድ አድራሻ ያወጣሉ። ብዙ ተከራይ ያለበትን ግቢ አስቢው። የክፍልሽን በር ብትከፍቺም የውጭው በር ቁልፍ አንቺ ጋ የለም።

እስካሁን የጠበቀሽም ይኸው ነው። 3389 ለኢንተርኔት ክፍት ሲሆን ቀን ከሌት የይለፍ ቃል የሚሞክሩ ፕሮግራሞች ያገኙታል። ከገቡ ፋይሉን ቆልፈው ገንዘብ ይጠይቃሉ። የሰው ሂሳብ ይዘሻልና ያንን ፖርት ዛሬውኑ ዝጊልኝ።

ከውስጥ ወደ ውጭ የሚወጣ ግንኙነት ግን ያልፋል። ስለዚህ እኔ ለደንበኞቼ የምጭነው፣ ኮምፒውተሮች እንዲህ ከውስጥ ወጥተው እርስ በርስ እንዲገናኙ የሚያደርገውን ቴይልስኬል የተባለ ፕሮግራም ነው። ዋየርጋርድ በተባለ፣ መረጃን አመስጥሮ በሚያስተላልፍ ዘዴ ላይ የተሠራ፣ ለግል አጠቃቀም በነፃ የሚሰጥ ነው። ቤት ባለው ኮምፒውተርና በላፕቶፕሽ ላይ ጫኚው፤ በአንድ አካውንት ግቢ። ለሁለቱም በ100 የሚጀምር አድራሻ ይሰጣቸዋል። ራውተሩ ላይ ካየሽው ጋር እንዳታምታቺው። ሪሞት ዴስክቶፕ ላይ የቤቱን ኮምፒውተር አድራሻ ጻፊ፣ አለቀ። በቀጥታ መገናኘት ካቃታቸው በመሃል ሰርቨር በኩል ያልፋሉ፤ ይዘገያል እንጂ ይሠራል። ዊንዶውስ ሆም ያላችሁ ግን ሪሞት ዴስክቶፕ ስለማይቀበል ኮምፒውተርን ከሩቅ የሚያስከፍት ሌላ ፕሮግራም የሆነውን ረስትዴስክን ሞክሩ።

ሰው የሚቸገረው ከዚህ በኋላ ነው። መብራት ይሄዳል፣ ይመለሳል፣ ኮምፒውተሩ ጠፍቶ ይቀራል። አንቺ ሐረር ነሽ። ስለዚህ ባዮስ (ኮምፒውተሩ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚከፈተው ማስተካከያ) ውስጥ ግቢና መብራት ሲመለስ ምን ያድርግ የሚለውን «ፓወር ኦን» አድርጊው። ስሊፕንም አጥፊ። ቴይልስኬል ዊንዶውስ ላይ ሰው ሳይገባ እንዲነሳ «ረን አናተንድድ» የሚለውን ምረጪ። ይሄን የረሱ ብዙ ደንበኞች አጋጥመውኛል፤ ኮምፒውተሩ በርቶ ሳለ አይገኝም። ሌላም አለ፤ ቴይልስኬል ለኮምፒውተሩ የሰጠው የመግቢያ ቁልፍ፣ ቅንብሩን ካልቀየርሽ፣ በ180 ቀን ጊዜው ያልፍበታል። በቴይልስኬል ድረ ገጽ ላይ ለዚያ ኮምፒውተር ብቻ ይህን የጊዜ ገደብ አጥፊው። አካውንትሽ ላይ ግን ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫ አብሪ፤ አሁን የቤትሽ ቁልፍ እሱ ነውና።

የድሬን ሙቀት ደግሞ አትርሺ። ቀኑን ሙሉ የሚበራ ኮምፒውተር የተዘጋ ቁም ሳጥን ውስጥ አይቀመጥም።

ሚኒባስ ከመሳፈርሽ በፊት እቤትሽ ሞክሪው። ኮምፒውተሩን በደንብ አጥፊ፣ ሶኬቱን ንቀዪ፣ መልሰሽ ሰኪ። ኪቦርዱን አትንኪ። ላፕቶፕሽን ከዋይፋይ አውጥተሽ በስልክሽ ዳታ አገናኚው። ከዚያ ፒችትሪን ለመክፈት ሞክሪ።