«ይህ አይሆንም» የሚላችሁ ማን ነው?

ውድ ልጆቼ፣

አዲስ ቤተ ክርስቲያን ለመትከል የተነሣችሁ ወጣቶች እቅዳችሁን ይዛችሁ ወደ እኔ ስትመጡ ደስ ይለኛል። ትጋታችሁን አያለሁ፤ የጻፋችሁትንም በጥሞና አነባለሁ። የአዳራሹ ኪራይ፣ ድምፅ ማጉያው፣ ኪቦርዱ፣ የወንበሩ ብዛት፣ ለመክፈቻው ቀን የሚጋበዙት ዘማሪዎች፣ ሁሉም በዝርዝር ሰፍሯል። አንድ ነገር ግን ፈልጌ አጣለሁ። ዋናው አገልጋይ መንገድ ሲስት «ይህ አይሆንም» ብሎ የሚያቆመው ማን እንደ ሆነ የትም አልተጻፈም። ስጠይቃችሁ «እኛ እንዋደዳለን» ትሉኛላችሁ። መዋደዳችሁን አምናለሁ፤ ይህን የምጽፍላችሁም ያ ፍቅር እንዲቆይላችሁ ስለምፈልግ ነው።

እኔ ሰባኪ አይደለሁም። ዕድሜዬን በሒሳብ ምርመራ ሥራ አሳልፌ ጡረታ ወጥቻለሁ፤ ከሥራዬ ጎን ለጎን በመሀል አዲስ አበባ በሚገኝ አንድ አጥቢያ በሽማግሌነት አገልግያለሁ። በተለያዩ ጉባኤዎች ጠብ ሲነሣም መዝገብ እንዳይ እየተጠራሁ ብዙ ሸምግያለሁ። ከእነዚያ ጠቦች በትምህርት ልዩነት የተነሡት ጥቂቶች ናቸው። አብዛኞቹ የጀመሩት የአዳራሹ ውል፣ የባንክ ሒሳቡ ወይም የመኪናው ሊብሬ በማን ስም እንደ ሆነ የተጠየቀ ዕለት ነው። ጠያቂው «የሐሜት መንፈስ ያደረበት» ተባለ፤ መሪው አኮረፈ፤ መዘምራኑ ለሁለት ተከፈሉ። በዓመቱ በዚያው ሰፈር አንድ ሌላ ቤተ ክርስቲያን ተከፈተ።

እሑድ ከአምልኮ በኋላ ያለችውን ግማሽ ሰዓት አደራ ጠብቋት። መባው የሚቆጠረው ሌላ ዕቃ በሌለበት ጠረጴዛ ላይ ይሁን። ቆጣሪዎቹ በሥጋ የማይዛመዱ ሦስት ሰዎች ይሁኑ፤ የመጋቢው ሚስት ወይም ወንድም ከመካከላቸው አይሁኑ። አንዱ ብሩን በየዓይነቱ ይደረድራል፣ ሁለተኛው ደግሞ ይቆጥራል፣ ሦስተኛዋ በቅጹ ላይ ትመዘግባለች፤ ሦስቱም ይፈርማሉ። ብሩ ሰኞ ጠዋት ባንክ ይገባል፤ የገቢው ደረሰኝም ከቅጹ ጋር ይያያዛል። «ዛሬ ለነዳጅ ትንሽ እንውሰድ፣ በኋላ እንተካለን» የሚባል ነገር ከመጀመሪያው እሑድ ጀምሮ አይለመድ። አሁን ደግሞ አብዛኛው ስጦታ በቴሌብርና በባንክ ዝውውር ነው የሚመጣው። ለስጦታ በአዳራሹ ስክሪን ላይ የሚወጣው ቁጥር የቤተ ክርስቲያኒቱ ካልሆነ፣ የመጋቢው የግል ስልክ ከሆነ፣ ሰውየው የቱንም ያህል ንጹሕ ቢሆን ንጽሕናውን የሚያሳይበት መንገድ አይኖረውም።

ይህን ጥንቃቄ እንደ እምነት ማነስ የሚቆጥሩት አሉ። ሐዋርያው ጳውሎስ ግን ለኢየሩሳሌም ቅዱሳን የተዋጣውን ገንዘብ ብቻውን ይዞ አልሄደም፤ አብያተ ክርስቲያናት የመረጡት ወንድም አብሮት እንዲጓዝ አደረገ። ማንም እንዳይነቅፈው ስለ መጠንቀቁም በሁለተኛው የቆሮንቶስ መልእክት ምዕራፍ 8 ላይ ጽፏል። ከጳውሎስ የበለጠ የሚታመን ከመካከላችሁ ማን ነው?

የመጋቢው ደመወዝ እርሱ በሌለበት በሽማግሌዎች ይወሰን፤ በጽሑፍም ይቀመጥ። ሳያሳፍረው ቤቱን የሚያኖር ይሁን። መሪያቸውን እየራበው የሚያሠሩ ጉባኤዎች ለፈተና ያጋልጡታል፤ ይህን እንደ ኃጢአት ነው የማየው።

ከገንዘብ ይልቅ ከባዱ ግን ቃል ነው። በስብሰባ መካከል መሪው «እግዚአብሔር ተናግሮኛል» ሲል ክፍሉ በሙሉ ዝም ሲል አይቻለሁ። ከዚያ በኋላ የሚናገር ሁሉ ከሰው ጋር ሳይሆን ከአምላክ ጋር የሚከራከር ይመስለዋል። ነገር ግን ጳውሎስ ነቢያት ሁለት ወይም ሦስት ሆነው ይናገሩ፣ ሌሎቹም ይመርምሩት ነው ያለው። መመርመር የታዘዘ ነገር ነው። ስለዚህ በመተዳደሪያ ደንባችሁ ላይ ቤት መከራየት፣ ብድር፣ አገልጋይ መሾምና ማንሣት በማንም ሕልም ወይም ራእይ ብቻ እንደማይወሰን በግልጽ ጻፉ። ገና መጽሐፍ ቅዱሳቸውን አጥንተው ሳይጨርሱ ስማቸው ላይ «ሐዋርያ» ወይም «ነቢይ» አስጨምረው ባነር የሚያሠሩ ልጆችን ሳይ ልቤ ያዝናል። ያ ማዕረግ ወዳጅ ያሳጣል፤ ማዕረጉን ያየ ጓደኛ እንደ ድሮው በግልጽ አይገሥጽም።

የእኛ ትውልድ ቤተ ክርስቲያን በአንድ ሰው ላይ እንዳትንጠለጠል የተማረው በመከራ ነው። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን መካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ እዚሁ አዲስ አበባ ታፍነው ተወሰዱ፤ ተገደሉም። ቤተ ክርስቲያናቸው ግን ሲኖዶሶችና ሽማግሌዎች ነበሯትና አልፈረሰችም። በ1974 ዓ.ም. ደርግ የመሠረተ ክርስቶስን ቤተ ክርስቲያን ዘጋ፤ ንብረቷን ወረሰ፤ መሪዎቿን አሠረ። ያን ጊዜ ምእመናኗ 5,000 ያህል ነበሩ። በ1983 ዓ.ም. በአደባባይ ማምለክ ሲፈቀድ ከ30,000 በላይ ሆነው ነበር። መድረክ ሳይኖር፣ ታዋቂ ሰባኪ ሳይኖር፣ በየቤቱ በተበተኑ ትንንሽ ቡድኖች።

እኔም በዚያ ዘመን ወጣት ነበርኩ፤ አራት ኪሎ አካባቢ በአንዲት እናት ቤት እንሰበሰብ ነበር። አንድ በአንድ፣ እየተራራቅን እንገባለን። ጫማ በር ላይ ከበዛ ስለሚያስጠረጥር ይዘነው ወደ ውስጥ እናልፋለን። ድንገት ቀበሌ ቢመጣ ቡና ልንጠጣ የተሰበሰብን እንዲመስል ረከቦቱ ተዘርግቶ ስኒው ተደርድሮ ይጠብቃል። መዝሙሩ ከከንፈር አያልፍም። ጥናቱን የሚመራው በየሳምንቱ ይቀያየር ነበር፤ አንዱ ቢታሠር ሌላው እንዲቀጥል። ማን ይጨመር፣ ማን ይቆይ የሚለውን የሚወስኑት ደግሞ እኚያ እናት ነበሩ። እኛ ዩኒቨርሲቲ የገባን ልጆች እርሳቸው «ይህ ልጅ ገና ነው» ካሉ እሺ ከማለት በቀር ቃል አንመልስም። ብዙዎቻችን ከመታሠር የተረፍነው በእርሳቸው ማስተዋል ነው። ዛሬ የምታቀርቡልኝን የአመራር ዝርዝር ሳይ እንደ እርሳቸው ያለ ሰው፣ በተለይም እንደ እርሳቸው ያለች ሴት፣ እፈልጋለሁ።

ስለ ቦታ ባጭሩ። የማመንና የማምለክ መብት በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 27 ተጠብቋል፤ ውል ለመዋዋልና የባንክ ሒሳብ ለመክፈት ግን ሕጋዊ ሰውነት ያስፈልጋችኋልና ምዝገባውን አታዘግዩ። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ለአምልኮ ስፍራ መሬት በምደባ፣ ማለትም ያለ ጨረታ፣ እንዲሰጥ ቢፈቅድም በመሀል ከተማ ለረጅም ጊዜ ተከራይታችሁ እንደምትኖሩ አስባችሁ ጀምሩ። አዳራሹንም ቤተ ክርስቲያን አድርጋችሁ አትቁጠሩት። ፒያሳ በ2016፣ ካዛንቺስ በ2017 ዓ.ም. ሲፈርሱ ስንት የቤት ኅብረት እንደተበተነ አይተናል። ምእመኑ ዛሬ ገላን ጉራና ሌላው የከተማ ዳርቻ ነው የሚያድረው። እሑድ ሁለት ታክሲ ይዞ ይመጣል፤ ረቡዕ ማታ ግን አይችልም። ስለዚህ የአባላችሁን ዝርዝር በሚኖሩበት ሰፈር ከፋፍሉና ኅብረቱን እዚያው አቋቁሙ። መሀል ከተማ የሚውለው ደግሞ የቢሮ ሠራተኛው ነው፤ ለእርሱ ከሁለት ሰዓት የማታ ስብከት ይልቅ የግማሽ ሰዓት የምሳ ሰዓት ጸሎት ይጠቅመዋል።

ጎረቤቶቻችሁ በአብዛኛው የእናንተ እምነት ተከታዮች አይደሉም። ለኪዳን በሌሊት ተነሥተው ወደ አራዳ ጊዮርጊስ የሚሄዱ አዛውንት አሉ፤ ለሱብሒ የሚነሡ አሉ፤ የታመመና የሚያጠባም አለ። ለመኖሪያ አካባቢ የተወሰነው የድምፅ መጠን በቀን 55፣ በሌሊት 45 ዴሲቤል ነው። የአዳር ጸሎት ስታደርጉ ድምፅ ማጉያው ይጥፋ፤ እኛ በሹክሹክታ ጸልየን ተሰምቶልናል። የሌላውን እምነት በመድረክ አትንቀፉ። የሰፈሩ እድር ከተቀበላችሁ ግቡ፣ ለቅሶ ድረሱ፣ ድንኳን ትከሉ። ጳውሎስ ለጢሞቴዎስ የቤተ ክርስቲያን መሪ በውጭ ባሉት ዘንድ መልካም ምስክርነት ሊኖረው እንደሚገባ የጻፈለት እንዲህ ላለው ኑሮ ነው።

ያሳደገቻችሁን ቤተ ክርስቲያን ለቅቃችሁ ከሆነ የምትጀምሩት መዘምራኗን አስኮብልላችሁ አትውጡ። በርናባስና ሳውል ከአንጾኪያ የወጡት ጉባኤው ጾሞና ጸልዮ፣ እጅ ጭኖ ሲልካቸው ነው። ሽማግሌዎቻችሁ «ገና ናችሁ» ካሏችሁ አንድ ዓመት ጠብቁና እንደገና ጠይቋቸው።

አሁን እቅዳችሁን አውጡና ሁለት አንቀጽ ጨምሩበት። የመጀመሪያው ዋናው አገልጋይ በማን፣ በምን ምክንያትና በስንት ድምፅ ከኃላፊነት እንደሚነሣ ይናገር፤ ያንን አንቀጽ ዋናው አገልጋይ ራሱ ይጻፈው። ሁለተኛው በዓመት ቢያንስ አንድ ወር መስበኩንም ስብሰባ መምራቱንም ለሌሎች እንደሚተው ይደንግግ። ሁለቱ ሲጻፉ ረቂቁን ይዛችሁ ኑ፤ አብረን መስመር በመስመር እናነበዋለን።