ስልኬ ያዳምጠኛል? እና ሌሎች የሰሞኑ ጥያቄዎች

ሰሞኑን የደረሱኝ ጥያቄዎች አብዛኞቹ ስለ ስልክ ናቸው። ገሚሱ በመልእክት የመጣ ነው። ገሚሱን ደግሞ እዚሁ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ ቡና ልጠጣ ቁጭ ባልኩበት ነው የተጠየቅኩት።

ከሄርማታ ሰፈር፦ «ከባለቤቴ ጋር ሶፋ እንቀይር ተባባልን። ወሬ ብቻ ነው፤ ስልክ የነካ የለም። ማታ ፌስቡክ ስከፍት የሶፋ ማስታወቂያ ተደርድሮ ጠበቀኝ። ስልኩ እየሰማን ነው አይደል?»

ይህን ያልጠየቀኝ ሰው የለም ማለት ይቻላል። እኔ የሚሰማ አይመስለኝም። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የኖርዝኢስተርን ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከ17,000 በላይ የአንድሮይድ አፖችን ፈትሸው ነበር። ማይክ ከፍቶ በድብቅ ድምፅ የሚልክ አላገኙም። ያገኙት ሌላ ጉድ ነው፤ አንዳንዶቹ አፖች ሰው ስክሪኑ ላይ የሚያደርገውን እየቀረጹ ለሌላ ድርጅት ይልኩ ነበር።

ታዲያ የሶፋውን ነገር ማን ነገረው? እስቲ የሰፈራችንን ደላላ ያስቡት። ጎበዝ ደላላ በር ላይ ቆሞ ወሬ አያዳምጥም። ቤት መቀየርዎን ከጫኚው ይሰማል። ልጅ መዳርዎን ከጎረቤት ይሰማል። መርካቶ ዕቃ ቤት ለዕቃ ቤት ሲዞሩ ደግሞ በዓይኑ ያይዎታል። ከዚያ መጥቶ «ጥሩ ሶፋ አለ» ሲልዎት «ማን ነገረህ?» ብለው ይደነግጣሉ። ፌስቡክም ሥራው ይኸው ነው። እርስዎ ባይፈልጉ ባለቤትዎ ፈልገው ይሆናል፤ ሁለታችሁም የምትጠቀሙት አንድ ዋይፋይ ነው። ብዙ ድረ ገጾችና አፖች ውስጥ የፌስቡክ መከታተያ ኮድ ስላለ፣ እዚያ ያዩት ዕቃ ወሬው ፌስቡክ ዘንድ ይደርሳል። ምናልባት የሶፋ ማስታወቂያ ካሁን በፊትም መጥቶልዎት ይሆናል። ያኔ ሶፋ ልብዎ ውስጥ ስላልነበረ አላስተዋሉትም።

እኔን እንዲያውም የሚያስፈራኝ ይሄኛው ነው። ማይክ ቢሆን አጥፍቶ መገላገል ነበር።

ስልክዎ አንድሮይድ ከሆነ ሴቲንግ ውስጥ ጎግል፣ ከዚያ ማስታወቂያ የሚለው ጋ ይግቡና የማስታወቂያ መለያዎን (አፖች ስልክዎን የሚለዩበትን ቁጥር) ይሰርዙ። ማስታወቂያው አይቀርም። ግን ከተለያየ አፕ የተለቀመውን ወሬ ገጣጥሞ የእርስዎ መሆኑን ማወቅ ይከብዳቸዋል።

ከቆጪ ሰፈር፦ «ዋትስአፕ ገንዘብ አይጠይቀኝም። ታዲያ ከምን ይበላል?»

እ.ኤ.አ. በ2014 ፌስቡክ ወደ 19 ቢሊዮን ዶላር ከፍሎ የገዛው ለጽድቅ ብሎ አይደለም። የሚጻጻፉትን ከእ.ኤ.አ. 2016 ጀምሮ ከላኪና ከተቀባይ በቀር ማንም አያነበውም፣ ኩባንያውም ጭምር። ከማን ጋር፣ መቼ፣ በየስንት ጊዜው እንደሚገናኙ ግን ያውቃል። ገንዘቡ ለደንበኛ መልእክት ከሚልኩ ድርጅቶች ይመጣል፤ በቅርቡ ደግሞ ስታተስ የሚታይበት ገጽ ላይ ማስታወቂያ ጀምሯል። ባለቤቱ ሜታ (የፌስቡክ ኩባንያ የአሁን ስሙ ነው) በ2024 ካስገባው 164 ቢሊዮን ዶላር ከ160 የሚበልጠው የማስታወቂያ ገንዘብ ነው።

ከጅማ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ፦ «ዶርም ውስጥ አንድ ላፕቶፕ ለአራት ነው የምንጠቀመው። ኢንኮግኒቶ (ብሮውዘሩ የገባሁበትን የማይመዘግብበትን ገጽ) ከከፈትኩ ማንም አያየኝም አ?»

የዶርም ጓደኞችህ አያዩህም። በቃ፣ ጥቅሙ እሱ ነው። የገባህበት ድረ ገጽ ያይሃል። የግቢው ኔትወርክም የት የት እንደገባህ ማየት ይችላል። ጎግል ኢንኮግኒቶ የከፈቱ ሰዎችን ይከታተላል ተብሎ እ.ኤ.አ. በ2020 ተከሶ፣ በ2024 በቢሊዮን የሚቆጠሩ መዝገቦችን ለማጥፋት ተስማምቷል። ደግሞ ዳውንሎድ ያደረግከው ፋይል ኢንኮግኒቶውን ስትዘጋ አይጠፋም። ስንቱ የተያዘው በዚህ ነው!

ከማር ነጋዴ፦ «የፌስቡክ ገጼን ቡስት የሚያደርግልኝ፣ ማለትም ከፍሎ የሚያስተዋውቅልኝ ልጅ አለ። የዶላር ካርድ ስላለው በብር እከፍለዋለሁ። ላይኩ ጉድ ነው፤ ማር የሚገዛ ግን የለም። ፓስወርዴም እሱ ጋ ነው።»

ከመጨረሻው ልጀምር። ፓስወርዱን ዛሬውኑ ይቀይሩ። ፌስቡክ ገጽ ላይ ለሌላ ሰው ማስታወቂያ ብቻ እንዲያሠራ መፍቀድ ይቻላል፤ ፓስወርድ መስጠት አያስፈልግም። እኔ አንድ የድሮ ገጼን ያጣሁት እንዲሁ «ልጁ ይታመናል» ብዬ ነው።

ቀጥሎ ልጁን ሁለት ነገር ያሳየኝ ይበሉት፦ የትኛውን ቦታና የትኛውን ዓላማ እንደመረጠ። ዓላማው ላይክ ከሆነ ፌስቡክ ላይክ ማድረግ የሚቀናቸውን ሰዎች ፈልጎ ያመጣል፤ ማር ገዢ አምጣ አልተባለማ። መልእክት የሚለውን ያስመርጡ፤ ቦታውን ደግሞ ጅማና ዙሪያዋ ያስደርጉ። ማሩን ወደ አዲስ አበባ የሚልኩ ከሆነ ለብቻው ሌላ ማስታወቂያ ይውጣለት።

በነገራችን ላይ፣ የሄርማታዋን ሴትዮ ያስደነገጣት ነገር እርስዎ በብር የሚገዙት ዕቃ ነው። ይህን የምለው ልወቅስዎት አይደለም፤ ማር መሸጥ አለበት።

ከአንዲት እናት፦ «የባትሪ (የእጅ መብራት) አፕ ጫንኩ። ያለሁበትን ቦታ ካልፈቀድሽ ይለኛል። ለምንድን ነው?»

እማማ፣ መብራት ለማብራት አድራሻ አያስፈልግም። ያጥፉት። ስልክዎ ከላይ ወደ ታች ሲጎትቱት የራሱ ባትሪ አለው። እ.ኤ.አ. በ2013 የአሜሪካ ፌዴራል የንግድ ኮሚሽን አንድ የባትሪ አፕ የሰዎችን አድራሻ ሳይነግራቸው ለማስታወቂያ ድርጅቶች ሲያቀብል ይዞታል። ያውም በአሥር ሚሊዮኖች የሚቆጠር ጊዜ የተጫነ አፕ ነበር።

ከአጂፕ ሰፈር፦ «እኛ አገር ለዚህ ሁሉ ሕግ አለ?»

አለ። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ይባላል፤ 2016 እዚህ ላይ በእኛ አቆጣጠር ነው። ተቆጣጣሪው የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው። ትልልቆቹ ኩባንያዎች የሚፈሩት ግን ቅጣትን ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 የአየርላንድ ተቆጣጣሪ ሜታን 1.2 ቢሊዮን ዩሮ ቀጥቶታል። እኛ እዚያ እስክንደርስ ገና ነው።

እስከዚያው ግን ከሜታ የሚቀርብዎት ፎቶ ኮፒ ቤቱ ነው። መታወቂያዎን ፕሪንት ለማስደረግ በቴሌግራም ይልኩለታል፣ ልጁ ዴስክቶፕ ላይ ያወርደዋል፣ ፕሪንት አድርጎ ይሰጥዎታል። ፋይሉ እዚያው ይቀራል፤ ከእርስዎ በፊት ከመጡት ሰዎች መታወቂያ ጋር ተደርድሮ። ሒሳብ ከመክፈልዎ በፊት «አጥፋልኝ» ይበሉት። ሪሳይክል ቢኑንም ባዶ ያድርገው፤ ቆመው ይዩት።