ዳገቱን ከአህያ ተማሩ

ልጆቼ፣

አብዛኞቻችሁ የምትጠይቁኝ ሁለት ነገር ነው። አንደኛው «ለአልትራ ማራቶን የሚሆን መንገድ ከየት እናግኝ?» ሁለተኛው «ወኔው መጀመሪያ ላይ ይግልና ከዚያ ይቀዘቅዛል፤ ምን ይሻላል?» የሚል ነው። እኔ ሁለቱን ጥያቄ ለያይቼ አላያቸውም። ሰው ልምምድ የሚሰለቸው ብዙ ጊዜ የሚሮጥበት መንገድ የትም ስለማያደርሰው ነው። ሜዳ ዞሮ ዞሮ የተነሣበት ቦታ ላይ የሚቆም ሰው አንድ ቀን «ዛሬስ ቢቀርብኝ?» ማለቱ አይቀርም።

አሠልጣኝ አይደለሁም። ዕድሜዬን የፈጀሁት በቅየሳ ሥራ ነው፤ በሰሜን ሸዋ ከጅሩ እስከ መንዝ፣ ከተጉለት እስከ ይፋት መሣሪያ ተሸክሜ ተንከራትቻለሁ። ስለ ፍጥነት ልምምድና ስለ ውድድር ስልት ደብረ ብርሃን ውስጥ በደንብ የሚያውቁ አሠልጣኞች አሉላችሁ፤ እነሱን ጠይቁ። እኔ የማውቀው መሬቱን ነው። ሩጫውንም የያዝኩት በመሬቱ ምክንያት ነው።

ገንዘቡን በተመለከተ ከወዲሁ እንነጋገር። ከማራቶን ማለትም ከ42.195 ኪሎ ሜትር የሚበልጥ ሩጫ ሁሉ አልትራ ይባላል፤ የተለመዱት ርቀቶች 50፣ 80፣ 100 እና 160 ኪሎ ሜትር ናቸው። ደቡብ አፍሪካውያን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1921 ጀምሮ በደርባንና በፒተርማሪትዝበርግ መካከል የሚሮጡት ኮምሬድስ 90 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ለአሸናፊዎቹም ደህና ይከፍላል። አውሮፓ ውስጥ የሞን ብላን ተራራን የሚዞረው ዩቲኤምቢ የተባለው ውድድር ደግሞ 170 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ዳገቱ ሲደመር 10,000 ሜትር ይጠጋል። እንዲህ ያሉት ጥቂት ናቸው። በጥቅሉ ግን አልትራ የትልልቅ ከተማ ማራቶኖችን ያህል ገንዘብ የለውም። ቤተሰብ ለመደገፍ ብላችሁ የምትሮጡ ካላችሁ ይህን አስቀድማችሁ እወቁት። ተራራውን ወዳችሁት ከሆነ የመጣችሁት ግን ሰሜን ሸዋ ውስጥ መወለድ ትልቅ ዕድል ነው።

አሁን ወደ መንገዱ። ሯጮቻችን ጫካ፣ ኮሮኮንችና አስፋልት ብለው ሦስት ይከፍሉታል። ለአልትራ አራተኛ ጨምሩበት፤ እግር መንገድ። እግር መንገድ ሁሉ ግን አንድ አይደለም። ከሁሉ የሚሻለው የገበያ መንገድ ነው። የተጫነች አህያ ቀጥ ብሎ የቆመ ዳገት አትወድም፤ ስለዚህ ባለቤቷም አህያዋም ለዘመናት እየተጠማዘዙ የወጡበት መንገድ ለሯጭ ሳንባ የተመጠነ ሆኖ ታገኙታላችሁ። የገበያ ቀን ደርሳችሁ ሰዉ በየት በየት እንደሚመጣ ተመልከቱ። ከየአቅጣጫው የሚገባው ሰልፍ ካርታ ላይ ያልተሣለውን ሁሉ ያሳያችኋል። የቤተ ክርስቲያን መንገድም ጥሩ ነው፤ ደብሩ ብዙውን ጊዜ ከፍታ ላይ ስለሆነ ዳገት አይጠፋበትም፣ ሬሳና ታማሚ በቃሬዛ የሚያልፍበት በመሆኑም ሰፋ ይላል። የውኃ መንገድ አጭርና ቀጥ ያለ ነው፤ ዳገት እየደጋገማችሁ ለመሥራት ካልሆነ አይጠቅማችሁም። የከብት መንገድን ግን አትመኑ። ሲጀምር ሰፊና የሚያማልል ይሆንና ግጦሹ ላይ ሲደርስ ብትንትን ብሎ ይጠፋል፤ አንዳንዴም ገደል አፋፍ ላይ ያስቀራችኋል።

ካርታ ማንበብ ተማሩ። አገራችን 1፡50,000 የሆነ የመልክዐ ምድር ካርታ አላት፤ በእሱ ላይ 1 ሴንቲ ሜትር መሬት ላይ 500 ሜትር ነው፣ እኩል ከፍታ ያላቸውን ቦታዎች በሚያገናኙት የከፍታ መስመሮች መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ 20 ሜትር ነው። በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ ሁለት መስመር ካያችሁ በ500 ሜትር 40 ሜትር ትወጣላችሁ፤ ይህ ይሮጣል። አምስት ካያችሁ 100 ሜትር ነው፤ ያንን ጉልበታችሁን በእጃችሁ እየገፋችሁ ብትራመዱት ይሻላል። በአልትራ ዳገት መራመድ ነውር አይደለም፤ አሸናፊዎቹም ይራመዳሉ። መስመሮቹ ተጣብቀው ከጠቆሩ ገደል ነው፤ ወዲያ አትሂዱ። ካርታው ከሌላችሁ የስልካችሁ የሳተላይት ምስል ይበቃል። ቀጫጭን ነጫጭ መስመሮች ተሰባስበው የሚገናኙበትን ፈልጉ፤ ወይ ገበያ ነው፣ ወይ ደብር ነው፣ ወይ የወንዝ መሻገሪያ ነው። ከዚያ ሄዳችሁ ሰው ጠይቁ። ሲጠይቁ ግን ርቀት አይጠየቅም። ያገሬ ሰው መንገደኛ እንዳይከፋው ስለሚያስብ ሁሉንም «ቅርብ ነው፣ ይቺው ናት» ይላል። «ጠዋት ከዚህ የተነሣ ሰው እዚያ ስንት ሰዓት ይደርሳል?» በሉ፤ ያን ጊዜ እውነተኛውን ታገኛላችሁ።

ሰላምታ እንዳትረሱ። በገጠር ያለ ምክንያት የሚሮጥ ሰው ያስደነግጣል። ወይ መርዶ ይዟል፣ ወይ ሌባ እያባረረ ነው፣ ወይ ራሱ ሌባ ነው። አዛውንት ስታገኙ ፍጥነታችሁን ቀንሱና «እንደምን ዋሉ አባቴ፣ እንደምን ዋሉ እማማ» በሉ፤ ልምምድ ላይ መሆናችሁን በአንድ ቃል ንገሩ። በሁለተኛው ሳምንት ሕፃናቱ አብረዋችሁ ይሮጣሉ፣ በሦስተኛው «ዛሬ ዘገያችሁ» የሚላችሁ አይጠፋም። ውሻ ከመጣ አትሩጡ፤ ቆማችሁ እረኛውን ጥሩት። የተዘራ ማሳ አትቁረጡ። አዝመራው ከተሰበሰበ በኋላ ታኅሣሥና ጥር ላይ ገለባው ላይ መሮጥ ይቻላል፤ ያም ቢሆን ባለቤቱ ሲፈቅድ ነው። የአካባቢው ጸጥታ አስተማማኝ ባልሆነበት ወቅት ደግሞ እግር መንገዱን ተዉትና ከተማ ውስጥ ዙሩ፤ ተራራው የትም አይሄድም። እናንተ ሴቶች ልጆቼ፣ ራቅ ወዳለ ቦታ ለብቻችሁ አትውጡ ስል ፈሪ ናችሁ ማለቴ አይደለም። ወንዶቹንም ለብቻችሁ አትውጡ እላለሁ፤ ቁርጭምጭሚት ሲዞር ወንድና ሴት አይለይም።

አሁን ወደ ወኔው። የምመክራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ረጅሙን ሩጫችሁን ጉዳይ ስጡት። ከደብረ ብርሃን አንኮበር ወደ 40 ኪሎ ሜትር ነው፤ ማራቶን ለመሆን ትንሽ ይቀረዋል። አንኮበር አክስት ያለችው ልጅ ቅዳሜ እመጣለሁ ብሎ ይንገራት። ምሳ ሠርታ የምትጠብቅ አክስት ካለች ንጋት 12 ሰዓት ላይ ውርጩ አስፋልቱን ነጭ ሲያደርገው ከአልጋ የሚያወርድ ሌላ ቅስቀሳ አያስፈልግም። አክስት የሌለው ለሚያውቀው ሰው ደብዳቤ ያድርስ፣ መድኃኒት ያቀብል፣ ዘመድ ይጠይቅ፣ ደብሩን ይሳለም። ሄዳችሁ በመኪና ተመለሱ። በአንድ አቅጣጫ ብቻ መሮጥ ሌላም ጥቅም አለው፤ ግማሽ ላይ ሲደክማችሁ ወደ ኋላ መመለስም ወደ ፊት መሄድም እኩል ስለሚሆን ሰበብ ታጣላችሁ። ከስልክ የሚመጣው የቅስቀሳ ቪዲዮ ግን፣ ይቅርታ አድርጉልኝና፣ ቁርስ እስኪቀርብ እንኳ አይቆይም።

ከአንኮበር ወደ አልዩ አምባ የሚወርደውን መንገድ ለየት አድርጌ እወደዋለሁ። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ከታጁራ ወደብ የሚነሣው ሲራራ ነጋዴ ቆላውን አቋርጦ የሚደርሰው አልዩ አምባ ገበያ ነበር፤ ከዚያም ወደ አንኮበር ይወጣል። አሞሌ ጨው የተጫነ እንስሳ የወጣውን ዳገት እናንተ ባዶ እጃችሁን አቃተን ብትሉ ያሳፍራል። በጠዋት ወርዳችሁ ከአርጎባ ነጋዴዎች ጋር ሻይ ጠጡ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ ውጡ።

መውጣቱን ሁሉም ይፈራል፤ እግር የሚጨርሰው ግን መውረዱ ነው። ከጣርማ በር ተነሥታችሁ በደብረ ሲና በኩል ሸዋ ሮቢት ብትደርሱ ከ1,800 ሜትር በላይ ወርዳችኋል። ስትወርዱ የጭን ጡንቻ እየተለጠጠ ስለሚገታችሁ ውስጡ በጥቂቱ ይበጣጠሳል፤ በማግሥቱ ደረጃ መውረድ የሚያቅታችሁ ለዚህ ነው። ደስ የሚለው ነገር ጡንቻ ይህን ቶሎ ይማራል። አንድ ጊዜ በልኩ የተጎዳ ጭን ለቀጣዮቹ ሳምንታት ያው ቁልቁለት ያን ያህል አይጎዳውም። ስለዚህ ቁልቁለትን በትንሽ ጀምራችሁ በየሁለት ሳምንቱ ጨምሩ፤ ውድድር ሲቃረብ ተዉት። ጣርማ በር ላይ በዋሻው ውስጥ አትሩጡ። ጣሊያን የሠራው ዋሻ ነው፤ ጨለማ ነው፣ ከባድ መኪና አይጠፋውም፣ ጉሙም ድንገት ይወርዳል።

ከፍታውን ደግሞ አክብሩት። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ እዚያ ያለው የአየር ግፊት በባሕር ወለል ካለው ከሩብ በላይ ያነሰ ነው። ወደ መንዝ ጓሳ ስትወጡ ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ትደርሳላችሁ፤ ቆላ ላይ የለመዳችሁትን ሰዓት እዚያ ፍለጋ ከሄዳችሁ ራሳችሁን ታሰቃያላችሁ። ተራራ ላይ ኪሎ ሜትር አይቆጠርም፣ ሰዓት ይቆጠራል። «ዛሬ ሦስት ሰዓት» ብላችሁ ውጡ፤ እያወራችሁ መሮጥ ካቃታችሁ ፈጥናችኋል ማለት ነው። መንዝ ጓሳ ጥብቅ ስፍራ ስለሆነ በጽሕፈት ቤቱ አስፈቅዳችሁ ግቡ፣ ከመንገድ አትውጡ፣ ቀይ ቀበሮ ብታዩ አታባርሩ። ጭላዳው ግድ የለም፤ እሱ ሣር እየነጨ ነው፣ ከእናንተ ጋር ጉዳይ የለውም። የመንዝ ሰው ጓሳውን ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲጠብቅ የኖረው ሣሩን ለዓመታት ዘግቶ፣ ሲደርስ ብቻ እያጨደ ነው። እናንተም ሰውነታችሁን እንደዚያ ያዙት፤ ከሦስት የጠነከሩ ሳምንታት በኋላ አንዱን ዝጉት።

ስለ ምግብ በውድ ዋጋ ከውጭ የሚመጣ ነገር አትፈልጉ። በረጅም ሩጫ ሰውነት በሰዓት ከ60 እስከ 90 ግራም ካርቦሃይድሬት መጠቀም ይችላል፤ ይህን ግን ሆድ ካለመደው ያስመልሳል፣ ስለዚህ ከትንሽ ጀምሩ። የደጋ ሰው መንገድ ሲወጣ በሶ የሚይዘው በከንቱ አይደለም። በሶውን በውኃ በጥብጡ፣ ጨውና ማር ጨምሩበት፣ በየሃያ ደቂቃው ጎንጨት በሉ። ጩኮ ቅቤ ስላለበት ቀስ ብላችሁ ለምትሄዱበት ይሁን። ውኃ ብቻ ያለ ልክ መጠጣት ደም ውስጥ ያለውን ጨው ያቀጥነዋል፤ ይህ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ከማምጣት አልፎ ሊገድል ይችላል። ሲጠማችሁ ጠጡ፤ አታጠራቅሙ።

ጾም ሲመጣ ግራ የምትጋቡ አላችሁ። ሁዳዴ ላይ እስከ ዘጠኝ ሰዓት የምትቆዩ ከሆነ የሳምንቱን ቀናት ቀላል አድርጉ፤ ቅዳሜና እሑድ ጠዋት መብላት ስለሚቻል ረጅሙን ሩጫ ወደዚያ ውሰዱት። ምስር፣ ሽሮና ባቄላ አይጉደልባችሁ። የይፋት ሙስሊም ልጆቼም ረመዳን ላይ ከኢፍጣር በፊት ባለው ሰዓት ቀለል ያለ ነገር ሩጡ፤ ሩጫው ሲያልቅ ውኃው ይቀርባል። የንስሐ አባታችሁን ወይም ሼኻችሁን አማክሩ፤ እኔ በዚህ አልገባም።

ወቅቱንም እዩ። ሐምሌና ነሐሴ ጅሩና እነዋሪ በኩል ዋልካው ጫማ ላይ እየተደራረበ እግራችሁን ጡብ ያደርገዋል፤ በዚያ ጊዜ ድንጋያማውን የተጉለት መንገድ ወይም ኮሮኮንቹን ያዙ። ስለ ጫማ ስናነሣ፣ «አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ አሸንፎ የለም?» የሚል ሁልጊዜ አለ። እውነት ነው፤ የሸዋው ልጅ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1960 ሮም ላይ በባዶ እግሩ በ2፡15፡16 ገባ። በ1964 ግን ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2፡12፡11 ገባ። የሚይዝ ሶል ያለው፣ ጣታችሁ በቁልቁለት የማይገጭበት ጫማ ይኑራችሁ፤ ስሙ ምንም ይሁን።

ስትወጡ ለአንድ ሰው በየት እንደምትሄዱና ስንት ሰዓት እንደምትመለሱ ንገሩ። ለመመለሻ የሚሆን ጥሬ ብር በላስቲክ ጠቅልላችሁ ያዙ። ስልክ ላይ ያለው ገንዘብ ኔትወርክ በሌለበት ሸለቆ አይሠራም፤ የአይሱዙ ሹፌርም «ነገ ትከፍለኛለህ» የሚላችሁ ከአካባቢው ሰው ጋር በደንብ ከተዋወቃችሁ በኋላ ነው።