መልስ፦ ጦርነት ለማስቆም አቶሚክ ቦምብ መጣል ልክ ነው ወይ?

ወንድሜ፣ «ሂሮሺማ ባትመታ ጦርነቱ ብዙ ሰው ይፈጅ ነበር፤ ታዲያ ልክ አይደለም?» ብለሃል። በኔ እምነት ልክ አይደለም። እ.ኤ.አ. እስከ 1945 መጨረሻ ሂሮሺማ ብቻ ወደ 140,000 ሰው እንደሞተባት ይገመታል። አብዛኛው ሲቪል ነው፤ ሕፃናት፣ እናቶች፣ ተማሪዎች። ጃፓን የወረረቻቸው አገሮች ሰቆቃ እንዲያበቃ መጓጓትህ ይገባኛል። ግን ጦርነቱን ያስቆመው ቦምቡ ብቻ ነው ማለት ይከብዳል። ሶቪየት ኅብረት ኦገስት 8 ጃፓን ላይ ጦርነት አወጀች፤ ናጋሳኪ የተመታችው በማግስቱ ነው። የጃፓን መሪዎች ለማሰቢያ እንኳ ፋታ አላገኙም።

እዚህ ጅማም ይህ ክርክር ሲነሳ የምለው አንድ ነው። ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. የመርዝ ጋዝ ያዘነበብን ድሉን ለማፋጠን ነበር። ያንን ግፍ ነው ካልን፣ ለጃፓን ሕፃናት ሲሆን ሚዛናችንን መቀየር የለብንም።