የአንባቢያን ጥያቄ፦ የዲያብሎን ኔክሮማንሰር ጠረጴዛ ላይ እንዴት ላምጣው?

ጥያቄ

እታለም፣ አበሽር! የምጽፍልሽ ከደሴ፣ ከሰኞ ገበያ ሰፈር ነው። አምስት ጓደኛሞች ነን። መብራት እየጠፋ ኮምፒውተሩ ሲያስቸግረን ዲኤንዲ (ጠረጴዛ ዙሪያ በዳይስ የሚጫወቱት የገጸ ባሕርይ ጨዋታ) ጀመርን፤ አሁን መብራት እያለም የምንጫወተው እሱን ነው። የምንጠቀመው በነፃ የሚገኘውን የ5ኛውን እትም ሕግ ነው፤ አሳትመን ጠርዘነዋል። እኔ ያደግኩት ዲያብሎ 2 የሚባለውን የኮምፒውተር ጌም እየተጫወትኩ ነው፣ ክላሴም (የምመርጠው የገጸ ባሕርይ ዓይነት) ሁልጊዜ ሬሳ የሚያስነሳው ኔክሮማንሰር ነበር። አሁን ዊዛርዴ (አስማተኛው ገጸ ባሕርዬ) 5ኛ ሌቭል ሲገባ አኒሜት ዴድ የሚባለውን ሬሳ የሚያስነሳ ስፔል (አስማት) ወሰድኩ። ግን እንዳሰብኩት አልሆነም። አራት አጽም ይዤ ስገባ የእኔ ተራ አያልቅም፤ ጓደኞቼ ስልካቸውን ያወጣሉ። ውጊያ መሀል ማስነሳት ደግሞ አይቻልም። ይባስ ብሎ አንዱ ጓደኛችን ሬሳ ማስነሳቱን አልወደደውም። ክላሱን ልተወው ወይስ መላ አለው?

መልስ

አበሽር ወንድሜ! መላ አለው፣ ክላሱንም አትተወው።

መጀመሪያ አንድ ነገር ልጠይቅህ። ዲያብሎ 2 ላይ አጽሞችህን አንድ በአንድ አዘህ ታውቃለህ? አታውቅም። ጌሙ አይፈቅድልህም። አስነስተሃቸው ትሄዳለህ፣ እነሱ ራሳቸው ይከተሉሃል፣ ራሳቸው ጠላት ፈልገው ይመታሉ። የማንቀሳቀሱን ሥራ የሚሠራው ኮምፒውተሩ ነው። አንተ ጠረጴዛ ላይ ያመጣኸው ክላሱን ብቻ አይደለም፤ የኮምፒውተሩንም ሥራ ጭምር ነው። እሱን ሥራ ደግሞ የምትከፍለው በጓደኞችህ ሰዓት ነው። አምስት ሰው አንድ ሰዓት ተካፍሎ ነው የሚጫወተው፣ የአንተ ክላስም ከድርሻው በላይ መውሰድ የለበትም። እኔ የጌም ክላስ ወደ ጠረጴዛ ላምጣ የሚለኝን ሰው ሁሉ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህንኑ ነው፦ እጅህ ምን ይሠራ ነበር? ማሽኑስ ምን ይሠራልህ ነበር?

የኔክሮማንሰር ተጫዋች እጅ የሚሠራው ውሳኔ ነው። በ2000 (እ.ኤ.አ.) ብሊዛርድ ባወጣው በዚያ ጌም የክላሱ ችሎታዎች በሦስት ይከፈላሉ፦ ማስነሳት፣ እርግማን፣ የመርዝና የአጥንት ስፔል። ብዙ ሰው እነዚህን ስሞች አንድ በአንድ ወደ ዲኤንዲ ለመገልበጥ ይደክማል። የክላሱ ጣዕም ግን ያለው ሌላ ቦታ ነው። አንድ ጠላት ወደቀ። ሬሳውን አስነስተህ ወታደር ታደርገዋለህ ወይስ አፈንድተህ አጠገቡ ያሉትን ትጥልበታለህ? ሁለቱንም አታገኝም። የመጀመሪያው ጠላት እስኪወድቅ ደካማ ነህ፣ ከወደቀ በኋላ ጉልበትህ እየጨመረ ይሄዳል። ጠረጴዛ ላይ መምጣት ያለበት ይህ ነው።

አሁን ወደ አራቱ አጽሞችህ። በሕጉ መሠረት የአንድ አጽም ኤሲ (እሱን ለመምታት ዳይሱ መድረስ ያለበት ቁጥር) 13፣ ኤችፒውም (እስኪወድቅ የሚችለው ጉዳት) 13 ነው። በቀስት ሲመታ ዳይሱ ላይ 4 ይጨምራል፣ ጉዳቱ በአማካይ 5 ነው። አራቱን ለየብቻ ማንቀሳቀስህን አቁምና አንድ ጭፍራ አድርጋቸው። አንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ፣ አንድ ጠላት ላይ ይተኩሳሉ። የጭፍራው ኤችፒ በድምሩ 52 ነው፤ 13 ባነሰ ቁጥር አንድ አጽም ይወድቃል። ለመምታት ደግሞ ዳይስ አትጣል። በ2014 (እ.ኤ.አ.) የወጣው የዲኤም (ጨዋታውን የሚመራው ሰው) መጽሐፍ ለብዙ አጥቂ የሚሆን ቀላል ስሌት አለው። ከጠላት ኤሲ ላይ የአጥቂውን ጭማሪ ቀንስ። ውጤቱ ከ6 እስከ 12 ከሆነ ከሁለት አጥቂ አንዱ ይመታል። 13 ወይም 14 ከሆነ ከሦስት አንዱ፣ 15 ወይም 16 ከሆነ ከአራት አንዱ። የጎብሊን ኤሲ 15 ነው፤ 4 ስትቀንስ 11 ይመጣል። ስለዚህ ከአራቱ ሁለቱ መቱ፣ 10 ጉዳት፣ አለቀ። ይህን የምትናገረው በአንድ ትንፋሽ ነው፤ ስልክ ለማውጣት ጊዜ የለም።

ውጊያ መሀል ማስነሳት አልቻልኩም ያልከው እውነት ነው። አኒሜት ዴድ ለመጨረስ አንድ ደቂቃ ይፈጃል። የውጊያ አንድ ዙር 6 ሰከንድ ስለሆነ አሥር ዙር መጠበቅ ማለት ነው። ያ ስፔል የተሠራው ከውጊያ በፊት ሠራዊት ለሚያዘጋጅ ሰው ነው፣ ለአንተ አይሆንም። ከዲኤምህ ጋር ተነጋገሩና አዲስ የ3ኛ ደረጃ ስፔል ሥሩ። ሐሳቤ ይህ ነው። ስፔሉ ለአንድ ደቂቃ ይቆያል። በየተራህ በቦነስ አክሽን (ከዋናው ድርጊትህ ሌላ ባለችህ ትንሽ ድርጊት) በ60 ጫማ ውስጥ የወደቀ አንድ ጠላት ታስነሳለህ፣ በዚያው ተራም ይመታል። በአንድ ጊዜ የሚቆሙት ከፕሮፊሸንሲ ቦነስህ (ከሌቭልህ ጋር ከሚያድገው ጭማሪ) አይበልጡም፤ ለ5ኛ ሌቭል 3 ማለት ነው። ውጊያው ሲያልቅ ይፈርሳሉ። ኮንሰንትሬሽን (በአንድ ጊዜ አንድ ስፔል ብቻ የሚይዝ ትኩረት) አይጠይቅ።

ዲኤምህ በዚህ በመጨረሻው ላይ ሊከራከርህ ይችላል። ስሌቱን አሳየው። በአራት ዙር ውጊያ ውስጥ የመጀመሪያው ጠላት ቢፈጥን በአንደኛው ዙር ይወድቃል። በሁለተኛው ዙር አንድ፣ በሦስተኛው ሁለት፣ በአራተኛው ሦስት አጽም ይኖርሃል፤ በድምሩ ስድስት ምት። ግማሹ ቢያገኝ 15 ጉዳት። ፋየርቦል የሚባለው የእሳት ስፔል ግን ያንኑ የ3ኛ ደረጃ ስሎት (ስፔል የሚከፈልበት ድርሻ) ወስዶ በአማካይ 28 ጉዳት ያደርሳል፣ ያውም በክልሉ ውስጥ ባሉት ሁሉ ላይ። አጽሞቹ ምት ይመክታሉ፣ መንገድ ይዘጋሉ፣ እሱ ትልቅ ጥቅም ነው። ቢሆንም ከሚዛን የሚወጣ ነገር የለበትም። ኮንሰንትሬሽንህ ነፃ ሲሆን ደግሞ እርግማን ትይዝበታለህ። ስሎው የሚባለው ስፔል እስከ ስድስት ጠላት ፍጥነታቸውን በግማሽ፣ ኤሲያቸውን በ2 ይቀንሳል። ዲክሪፒፋይ ለሚባለው የዲያብሎ እርግማን ከዚህ የቀረበ አላገኘሁም። የአጥንት ጋሻው ጊዜያዊ ኤችፒ የሚሰጠው ፎልስ ላይፍ ይሁንልህ።

ለማፈንዳት ሻተር የሚባለውን ስፔል ውሰድ። 2ኛ ደረጃ ነው፣ በ10 ጫማ ዙሪያ ሦስት ባለ 8 ዳይስ ጉዳት አለው። አንድ ሕግ ጨምርበት፦ መነሻው ሬሳ መሆን አለበት፣ ሬሳውም አብሮ ይጠፋል። ገደብ ስለጨመርክበት ዲኤሙ ዳይሱን ከባለ 8 ወደ ባለ 10 ቢያሳድግልህ ተገቢ ነው።

ውሳኔው በዓይን እንዲታይ ቆርኪ ሰብስቡ። ጠላት በወደቀ ቁጥር ዲኤሙ ካርታው ላይ አንድ ቆርኪ ያስቀምጥ። ስታስነሳ ገልብጠው፣ ስታፈነዳ አንሣው። እኛ ኮምቦልቻ እንዲህ ነው የምንጫወተው። ጥሩነቱ ሌሎቹም ተጫዋቾች በውሳኔው ውስጥ መግባታቸው ነው። «ያንን ቆርኪ አትንካው፣ ቀጥሎ እሱ አጠገብ እገፋቸዋለሁ» ይሉሃል። ስልክ ያወጡ የነበሩት ልጆች የአንተን ተራ መጠበቅ ይጀምራሉ።

ስለ ጓደኛህ። እሱ የሚለውን በጥሞና ስሙት፣ «ጌም እኮ ነው» ብላችሁም አትለፉት። እኛ ሀገር ሬሳ በክብር ነው የሚሸኘው። ወሎ ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም የጎረቤቱን ሬሳ አብሮ ይቀብራል። እንዲህ ባለ ቤት ያደገ ልጅ አጽም ማስነሳት ቢከብደው የሚያስገርም አይደለም። ደግነቱ የስፔል መልክ እንደ ፈለጋችሁ ይቀየራል፣ ቁጥሩ ግን አይነካም። እኔ በምመራው ጨዋታ የሚነሳው ሬሳ ሳይሆን የወደቀው ሰው ትጥቅ ነው። ጦሩና ጋሻው ባዶውን ብድግ ብሎ ይሰለፋል። ሲፈነዳም የሚበተነው ጋሻው ነው። አዝዋ ገደልን በሚመስል ጠርዝ ላይ ባዶ ጋሻዎች ተደርድረው መንገዱን ሲዘጉ ጠረጴዛው ዙሪያ የነበሩት ሁሉ ከወንበራቸው ተነሥተው ነበር። ከአጽሙ ይልቅ እንዲያውም እሱን ወድጄዋለሁ። ጓደኛህን ራሱን ጠይቁት፣ የተሻለ መልክ ሊያመጣ ይችላል።

አንድ የቀረ አለ። በ2023 (እ.ኤ.አ.) በክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ በነፃ የተለቀቀው የሕግ ሰነድ ከዊዛርድ ትምህርት ቤቶች (የአስማት ዘርፎች) የያዘው ኢቮኬሽንን ብቻ ነው። የኔክሮማንሲው በ2014ቱ የተጫዋቾች መጽሐፍ ውስጥ ነው የሚገኘው። 6ኛ ሌቭል ስትገባ ዲኤምህ ከዚያ ይህን ይስጥህ፦ የምታስነሳቸው ሁሉ ኤችፒያቸው በዊዛርድ ሌቭልህ፣ ጉዳታቸው በፕሮፊሸንሲ ቦነስህ ያድጋል። ያኔ አንዱ ባለ 19 ኤችፒ ሆኖ 8 ይመታል፤ ስሌቱንም ያኔ እንደገና ሥሩት።

ጥያቄ

ባለ 20 ገጽ ዳይስ መርሳ ውስጥ ከየት ይገኛል? ስልክ መጠቀም አልፈልግም፣ ባትሪ ይጨርሳል።

መልስ

የመጫወቻ ካርታ አላችሁ? ከልብ ከአንድ እስከ አሥር፣ ከጥቁር አንዱን ዓይነት ደግሞ ከአንድ እስከ አሥር አውጡ። ልቡ እንዳለ ይነበባል፣ ጥቁሩ ላይ አሥር ይጨመራል። ሃያ ካርታ፣ ሃያ ቁጥር፣ ሁሉም እኩል ዕድል አለው። አንድ ስባችሁ ካነበባችሁ በኋላ ግን መልሳችሁ በውዙት፣ አለበለዚያ የወጣው ቁጥር ዳግም አይመጣምና ዕድሉ ይዛባል። ለባለ 6ቱ የሉዶ ዳይስ ይበቃል። ለባለ 8ቱ ከልብ ከአንድ እስከ ስምንት፣ ለባለ 10ሩ ልቡን ብቻ ተጠቀሙ።