ለትምህርት የሚሆን ላፕቶፕ፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

አዲስ አበባ ውስጥ ላፕቶፕ ስጠግን ዓመታት አልፈዋል። ነሐሴ ሲገባ ሁሌ የሚበዛው ጥያቄ አንድ ነው፦ «ለትምህርት የትኛውን ልግዛ?» በቅርቡ ከጠየቃችሁኝ የተወሰኑትን እነሆ።

ዘንድሮ ዩኒቨርሲቲ እገባለሁ። አዲስ ግን ርካሽ የሆነ ይሻለኛል ወይስ ዩዝድ?

ዩዝድ። ግን የተገኘውን ሁሉ አይደለም። ለቢሮ ሥራ ተብለው የተሠሩትን ፈልግ፦ ሌኖቮ ቲንክፓድ፣ ዴል ላቲቲዩድ፣ ኤችፒ ኢሊትቡክ። ውጭ አገር ያሉ ድርጅቶች ጥቂት ዓመት ይሠሩባቸውና በጅምላ ይሸጧቸዋል። ሲሠሩ ጀምሮ ሰው በየቀኑ ይዟቸው እንዲዞር ታስበው ነው።

ርካሹ አዲስ ላፕቶፕ ሲታይ ያምራል። ችግሩ ያለው ውስጡ ነው። የስክሪኑ ማጠፊያ የሚታሰረው ከፕላስቲክ ጋር ስለሆነ ስትከፍትና ስትዘጋ ፕላስቲኩ ይሰነጠቃል። ብዙዎቹ ላይ ደግሞ ራሙ (ማሽኑ ሲሠራ የሚጠቀምበት ጊዜያዊ ማስታወሻ) 4 ጊጋ ሆኖ ማዘርቦርዱ ላይ የተበየደ ነው። ልጨምር ብትል አትችልም። ቤተሰብ ተቸግሮ የገዛውን ማሽን «ይሄ አይጨመርም» ብዬ ስመልስ ያመኛል።

ምሳሌ ልስጥህ፤ ቲንክፓድ ቲ480። በፈረንጆቹ 2018 የወጣ ነው። ሁለት ባትሪ አለው፤ አንዱ ውስጥ፣ ሌላው ከኋላ በእጅ የሚወጣ። የኋላው ሲያልቅ ላፕቶፑን ሳታጠፋ ሌላ ትቀይራለህ። መብራት በሚጠፋበት ዶርም ይህ ትልቅ ነገር ነው። ራም መጨመሪያ ሁለት ቦታ አለው። ኪቦርዱ ላይ ትንሽ ውኃ ቢፈስ በሥር የሚወጣበት ቀዳዳ አለው። ክብደቱ እንደ ባትሪው ቢለያይም ከ1.6 ኪሎ ብዙም አይርቅም። ቀለል ያለ ካማረህ ኢሊትቡክ 840 ጂ5ን ወይም ላቲቲዩድ 7490ን እይ። የሁለቱም ራም ይጨመራል።

ልጄ የሕግ ተማሪ ናት። ሻጩ «ኮር አይ 7 ነው» ብሎ ከፍ ያለ ዋጋ ጠራብኝ። ልክፈል?

እናቴ፣ ከመክፈልዎ በፊት «ስንተኛ ጀነሬሽን ነው?» ብለው ይጠይቁት። የማሽኑ አንጎል፣ ማለትም ፕሮሰሰሩ፣ የስንተኛ ትውልድ ሥሪት ነው ማለት ነው። ከአይ 7 ወይም ከአይ 5 ቀጥሎ የተጻፈውን ቁጥር ይዩ። 7500 ካለ 7ኛ ነው፤ 8350 ካለ 8ኛ፤ 10210 ካለ ደግሞ 10ኛ ነው። በእነዚህ ቀላል ላፕቶፖች የ7ኛው አይ 7 ሁለት ኮር (ሥራውን የሚሠራ የፕሮሰሰሩ ክፍል) ብቻ ነው ያለው፤ የ8ኛው አይ 5 ግን አራት። ስለዚህ ርካሹ ሊበልጥ ይችላል።

ሌላም ምክንያት አለ። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 የሚሰጠውን መደበኛ ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አቁሟል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ከጥቂቶች በቀር ከ8ኛ ጀነሬሽን በታች ያለውን የኢንቴል ፕሮሰሰር አይቀበልም። ለልጅዎ 8ኛ ጀነሬሽን አይ 5፣ 8 ጊጋ ራም እና 256 ጊጋ ኤስኤስዲ (የሚሽከረከር ነገር የሌለው ፈጣን ፋይል ማስቀመጫ) በቂዋ ነው። ኤስኤስዲው ግን ግዴታ ነው። በድሮው ሃርድ ዲስክ የሚሠራ ከሆነ ይንቀረፈፋል፤ ሲወድቅ ወይም ሲንገጫገጭም ቶሎ ይበላሻል።

ሜሪላንድ ነው የምኖረው። ለወንድሜ ክሮምቡክ ልላክለት? እዚህ ልጆቹ ሁሉ በሱ ነው የሚማሩት።

እህቴ፣ ክሮምቡክ በዊንዶውስ ሳይሆን በጉግል ሲስተም የሚሠራ ላፕቶፕ ነው። ወንድምሽ ምን ያጠናል? አካውንቲንግ ከሆነ ፒችትሪ ያስፈልገዋል፤ ሲቪል ከሆነ አውቶካድ። ሁለቱም የዊንዶውስ ፕሮግራሞች ናቸው፤ ክሮምቡክ ላይ አይጫኑም። የአማርኛ መጻፊያው ፓወር ግዕዝም እንደዚያው። ክሮምቡክ የሚመቸው ኢንተርኔት ለማይቋረጥበት ቦታ ነው። በዚያው ገንዘብ እዚያው አሜሪካ የታደሰ ላቲቲዩድ ፈልጊለት። ስለ መብራቱ አታስቢ፤ ቻርጀሩ ላይ «100–240 ቮልት» ተጽፎ ካየሽ እዚህም ይሠራል።

ሱቅ ውስጥ ቆሜ ምን ልፈትሽ?

መጀመሪያ መቆለፉን። ሲነሳ የባዮስ (ከዊንዶውስ በፊት የሚነሳው የማሽኑ ፕሮግራም) ፓስወርድ ከጠየቀ ወይም ዊንዶውስ ሲከፈት የሆነ ድርጅት ስም ይዞ «በድርጅቱ አካውንት ግባ» ካለ ተወው። ፎርማት ብታደርገው እንኳ ኢንተርኔት ሲያገኝ ተመልሶ ሊቆለፍ ይችላል። ማክቡክ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ከአፕል አካውንቱ ማውጣቱን እዚያው አረጋግጥ።

ቀጥሎ ባትሪ። «አራት ሰዓት ይይዛል» የሚለውን ቃል አትመን። ዊንዶውስ የባትሪ ሪፖርት ያወጣል፤ ሻጩን አውጣልኝ በለው። ሁለት ቁጥር ታያለህ፦ ባትሪው አዲስ ሳለ ይይዝ የነበረውና አሁን የሚይዘው። የአሁኑ ከግማሽ በታች ከሆነ የአዲስ ባትሪ ዋጋ ከሒሳቡ ይቀነስልህ።

ከዚያ እያንዳንዱን የኪቦርድ ቁልፍ ንካ። ስክሪኑን ነጭ አድርገህ ነጠብጣብ ፈልግ። ማጠፊያውን ቀስ ብለህ ክፈትና ጆሮህን ስጠው፤ ቋ ካለ ተሰንጥቋል። ዋይፋዩን፣ ካሜራውን፣ የፍላሽ መሰኪያዎቹን ሞክር። አትቸኩል፤ የሚያጣድፍህ ሻጭ ካጋጠመህ ወደ ጎረቤቱ ሱቅ ሂድ።

«የአሜሪካ ጦር መለኪያን ያለፈ» ይላሉ። ቢወድቅም አይሰበርም ማለት ነው?

አይደለም። አምራቹ ናሙና ወስዶ በንዝረት፣ በአቧራ፣ በሙቀትና በመሳሰለው ፈትኗል ማለት ነው። ጥሩ ምልክት ነው። ቦርሳህን አውቶብስ ጣሪያ ላይ ከወረወርከው ግን ይሰበራል። ጭንህ ላይ ይዘኸው ተጓዝ።

መብራት ሄዶ ሲመጣ ቻርጀሬ ተቃጠለ። ሁለተኛዬ ነው።

መብራት ሲጠፋ ወዲያው ንቀለው። ጉዳቱ የሚመጣው ሲመለስ ነው፤ ኃይሉ ከፍ ብሎ ይመጣና ይረጋጋል። ከተመለሰ በኋላ አምስት ደቂቃ ጠብቀህ ሰካው። ስድስት ሰው የተሰካበት የዶርም ዲቫይደር ላይ ከሆንክ ደግሞ ሶኬቱ የላላ እንዳይሆን እይ። ሌላው፣ አዲስ ቻርጀር ስትገዛ ዋቱን ከድሮው ጋር አስተያይ። 65 ዋት ለሚፈልግ ላፕቶፕ 45 ከሰጠኸው ወይ በጣም ዘግይቶ ይሞላል ወይ ጭራሽ አይቀበልም። በእጅህ ስታነሳው በጣም የሚቀልህን ቻርጀር አትግዛ፤ ብዙዎቹን ከፍቼ አይቻለሁ፣ መከላከያ የሚሆነው ክፍል ውስጣቸው የለም።