ቡኒ በሌሊት ሞተች፤ ሐኪሙን መክሰስ እችላለሁ?

ጥያቄ፦ ክቡር ዶክተር፣ የምኖረው ለገጣፎ፣ ከአስፋልቱ ገባ ብሎ ባለ ሰፈር ነው። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ ግቢዬን ስትጠብቅልኝ የኖረችው ቡኒ የምትባል የአራት ዓመት ውሻ ነበረች። በየጊዜው የሰፈሩ ወንድ ውሾች በሬ ላይ ተሰብስበው ሲናከሱ ያድራሉ፤ ጎረቤትም ይማረራል። ባለፈው ወር እንዲሁ ሦስት ቀን ከበሩ አልነቃነቅ ሲሉ፣ በአካባቢያችን ወዳለ የእንስሳት ክሊኒክ ደውዬ «ዳግም እንዳትወልድ አድርጉልኝ» አልኩ። ሐሙስ ጠዋት ወሰድኳት። 3,500 ብር ከፍዬ፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ላይ በደንብ ሳትነቃ በጋቢ ጠቅልዬ በባጃጅ ይዣት ተመለስኩ። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ መቆም አቃታት፤ ሆዷ ተነፋ፤ ድዷ እንደ ጥጥ ነጣ። ስደውል ሐኪሙ «ማደንዘዣው ነው፣ ይተዉአት» አለኝ። ደግሜ ስደውል ስልኩ ተዘግቷል። ሌሊቱ አሥር ሰዓት ሲሆን ጭንቅላቷን እግሬ ላይ እንዳደረገች ሞተች። ከጓሮው ግራዋ ሥር ቀበርኳት። ሐኪሙ «እግዚአብሔር ያለው ነው» ብሎ አሰናበተኝ። ጎረቤቶቼም «ለውሻ ተብሎ ክስ!» ይሉኛል። ያን ቀን ጠዋት ወተት አጠጥቻት ነበር፤ የገደልኳት እኔ እሆን? ልጇም አምስት ወሯ ነው፤ እርሷንስ እንዳትወልድ ላሠራ ወይስ ልተው?

መልስ፦ እኅቴ፣ ከወተቱ ልጀምር፤ እንቅልፍ የሚነሳዎ እርሱ እንደሆነ ከደብዳቤዎ ታይቶኛል። ማደንዘዣ የምትወስድ ውሻ ሆዷ ባዶ ሊሆን ይገባል፤ ካስመለሳት ትውከቱ ወደ ሳንባዋ ሊገባ ይችላልና። ያ ቢሆን ኖሮ ግን የሚያዩት ሳልና የትንፋሽ መቆራረጥ ነበር። ደግሞም «ከማታ ጀምሮ ምግብ አይስጧት» ብሎ መንገር፣ ጠዋትም ሲቀበላት «ምን በላች?» ብሎ መጠየቅ የሐኪሙ ሥራ ነው። እርስዎ አልገደሏትም።

የነጣ ድድ፣ የተነፋ ሆድና መቆም ማቃት በአንድነት ሲታዩ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ሆድ ውስጥ መድማት ነው። ውሻ እንዳትወልድ በሚደረገው ቀዶ ሕክምና ማህፀኑና ሁለቱ የእንቁላል ዕጢዎች ይወጣሉ። ወደ ዕጢዎቹ የሚሄዱት የደም ሥሮች በክር ይታሰሩና ከዚያ በኋላ ይቆረጣሉ። ክሩ ከላላ ወይም ከተንሸራተተ ደሙ ወደ ውስጥ ይፈሳል፤ ከውጭ ያለው ስፌት ግን ደህና መስሎ ይታያል። እዚህ ላይ ከደብዳቤዎ አንድ ነገር አስደንግጦኛል። ወንዶቹ ውሾች ሦስት ቀን በርዎ ላይ ያደሩት ቡኒ ድራት ላይ፣ ማለትም ወንድ በምትፈልግበት ጊዜ ላይ፣ ስለነበረች ነው። በዚያ ጊዜ የማህፀኑ የደም ሥሮች ወፍረውና ደም ሞልተው ስለሚገኙ የመድማት አደጋው ከሌላው ጊዜ ይበልጣል። አስቸኳይ ምክንያት ከሌለ ድራቱ ካለፈ ሁለት ወይም ሦስት ወር ይጠበቃል። ሐኪሙ ይህን ጠይቆዎታል? አይቶ አውቆስ ነግሮዎታል?

እኔ በዚህ ሙያ ከ30 ዓመት በላይ ቆይቻለሁ። ደብረ ዘይት ስማር እጄን የፈታሁት በበሬና በበቅሎ ነው፤ የውሻን ሆድ መክፈት የለመድኩት ሥራ ላይ ከወጣሁ በኋላ ነው። ያሰርኩት ክር የተንሸራተተበት ሌሊትም አለ። ባለቤቱ ሲደውሉልኝ «አሁኑኑ ያምጧት» አልኩ፤ በእጅ ባትሪ ብርሃን ከፍቼ ደግሜ አሰርኩት፤ ያቺ ተረፈች። ከዓመታት በኋላ ሌላዋ በእጄ ላይ ሞተች። ምን እንደሆነ ለባለቤቷ ራሴ ነገርኳቸው፤ ገንዘባቸውንም መለስኩ። ስለዚህ ክር ተንሸራተተ ብዬ ባልደረባዬን አልወቅስም። ድዷ ነጣ የተባለች ውሻን ሳያይ «ማደንዘዣው ነው» ማለቱንና ስልኩን መዝጋቱን ግን በምንም አላልፈውም። ያቺ ሰዓት ቡኒን ልታተርፍ የምትችል ሰዓት ነበረች።

ክስን በተመለከተ፣ በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2031 ባለሙያ ሁሉ የሙያውን ደንብ ጠብቆ እንዲሠራ ያዛል፤ ግዴታውን አለማወቁን በግልጽ በሚያሳይ ቸልተኝነት ለሚያደርሰው ጉዳትም ኃላፊ ያደርገዋል። የእንስሳት ሐኪምም ባለሙያ ነው። የካሳ ጥያቄው ጉዳቱ በደረሰ በሁለት ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት። ነገር ግን በሕግ ዓይን ቡኒ ንብረት ናት፤ ካሳው ከዋጋዋና ከከፈሉት ገንዘብ ብዙም አይዘልም። ማስረዳቱም የእርስዎ ድርሻ ነው፤ ቡኒ ደግሞ ከተቀበረች ሳምንታት አልፈዋል። (ሌሎች አንባቢዎች ይህን ይያዙልኝ፦ እንዲህ ያለ ነገር ሲደርስ ሬሳው በቀዝቃዛ ቦታ ይቆይ፤ በረዶ ግን አይሁን። በዚያው ቀን ሆዱን ከፍቶ የሚመረምር ሌላ ሐኪም ይፈለግ፤ ከአዲስ አበባ 45 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ቢሾፍቱ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ አለ።)

ስለዚህ ከፍርድ ቤት በፊት ለክሊኒኩ ደብዳቤ ይጻፉ። የቡኒን የሕክምና ካርድ ቅጂ ይጠይቁ፦ ክብደቷ ስንት ተብሎ ተመዘገበ? የትኛው ማደንዘዣ በምን ያህል መጠን ተሰጣት? ድራት ላይ መሆኗ ተጽፏል? ከመሄዷ በፊት ድዷንና የልብ ምቷን ማን አየ? የደወሉበትን ሰዓት ከስልክዎ ላይ ሳይጠፋ ይገልብጡ፤ ደረሰኙን ያያይዙ፤ ባጃጁን የነዳው ልጅ ያየውን ይጻፍልዎ። በሁለት ሳምንት ውስጥ መልስ ካላገኙ፣ ይህንኑ ጽሑፍ ለክሊኒኩ ፈቃድ ለሰጠው መሥሪያ ቤት ያቅርቡ፤ ስሙን ግድግዳው ላይ ከተሰቀለው ፈቃድ ያገኙታል። ፈቃድ ካልተሰቀለም አቤቱታዎን «ፈቃድ አልተሰቀለም» ብለው ይጀምሩ። ጎረቤቶችዎ የሚሉትን ይተዉት። ሐኪሙ ነገም የሌላ ሰው ውሻ ይከፍታል።

ልጇን እንዳትወልድ ያሠሩ፤ አይፍሩ። አምስት ወሯ ከሆነ የመጀመሪያው ድራት ሊመጣ ትንሽ ነው የቀረው፤ ሳይመጣ ቢሆን ይመረጣል። ጠዋት ላይ ይውሰዷት፣ በእግሯ ቆማ ሳትራመድ አይረከቧት። ከመክፈልዎ በፊትም ሌሊት ስልኩን የሚያነሳው ማን እንደሆነ ስሙንና ቁጥሩን በወረቀት ላይ ያስጽፉ።